የአንድ ጣት ክፍተት

ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ግቢ ስወጣ፣ ከፊቴ የነበረች ዝቅ ያለች የቤት መኪና የበሩን ጉብታ ስትሻገር ሆዷ ድንጋዩን ፍቆ አለፈና፣ ያ ብረት ሲላጥ የሚያሰማው ረጅም ድምፅ ጥርሴን አጠረሰው። ሾፌሩ ወርዶ ከሥሯ አጎንብሶ አየ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ግን ስልኳን እየነካካች እዚያው ጠበቀችው። እኔ መሪዬን እንደጨበጥኩ «ይቺ ሴትዮ ለምን አትወርድም?» ብዬ በልቤ ተቆጣሁ። ቁጣዬን ሌላ ሰው ቢሰማው ይስቅብኝ ነበር። እኛ ቤት ግን የመኪናዋ ሆድ መሬት ሊነካ ሲል መጀመሪያ የምትወርደው ሴት ነበረች፣ እሷም እናቴ ነበረች።

ያኔ የምንኖረው ግምጃ ቤት ነበር። አባቴ ከገበሬው እህል እየሰበሰበ እንጅባራና ዳንግላ ወስዶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። እናቴ አስካል የአዘና ፈረሰኛ ልጅ ነበረች፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ እያወራች፣ እየሳቀችም እየቀለደችም ትውልና፣ ስትናደድ ብቻ ወደ አዊኛዋ ትመለስ ነበር። አዲሱ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እኔ፣ ባንቺ የተባልኩት፣ የቤቱ መጨረሻና የቤቱ ቀላል ነበርኩ፤ ቀላልነቴን ከአሁኑ የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መኪናዋ የመጣችው በበጋ፣ በጥር ነው። አገሩ በሙሉ ለፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሸልሞ ወደ እንጅባራ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ አባቴ ከአባቱ የወረሰውን ዳማ ፈረስ ሸጦ፣ ለዓመታት ያጠራቀመውን ጨምሮ፣ አንዲት ነጭ የቤት መኪና እየነዳ ከተፍ አለ። ሰፈሩ ወጥቶ ከበባት። መኪናዋ በእርግጥ ታምር ነበር፤ ብቻ ዝቅ ያለች ነበረች፣ የታችኛው ብረቷ መሬቱን ሊያሸት ምንም አልቀረውም። ጋሪ የሚነዳው ጎረቤታችን ዙሪያዋን ዞሮ ዞሮ «ይቺማ ተቀምጣ የምትሄድ ናት» አለና ሰዉን አሳቀው። አባቴ አልሳቀም። አስፋልት ላይ ብቻ ለምትሮጥ መኪና ዝቅ ማለት ጌጥ ነው፣ መሬቱን ጨብጣ ትሄዳለች፤ ግምጃ ቤት ግን ያኔ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። ዳንግላ ያለ አንድ መካኒክ «ከሞላዎቹ ላይ ወፍራም ጎማ እናስገባና ትንሽ ብድግ እናድርጋት፤ የእናንተ መንገድ ለእሷ አይሆንም» ቢለው፣ አባቴ «መኪናዬን እንደ ፍየል በቀጭን እግር ላቆማት ነው?» ብሎ ትቶት መጣ። ዝቅ ያለ መኪና የትልቅ ሰው መኪና ነው ብሎ ያምን ነበር። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለውን ተረት ለእኛ ሲተርት እንጂ ለራሱ ሲጠቀምበት አይቼው አላውቅም።

ብድግ በማድረግ ፋንታ መለካት ጀመረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ግቢያችን ውስጥ ጆንያ አንጥፎ በደረቱ ይተኛና፣ እጁን ከመኪናዋ ሆድ በታች አስገብቶ ክፍተቷን በጣቱ ይሰፍር ነበር። ባዶዋን ስትሆን አንድ ስንዝር ለመሙላት ትንሽ የሚጎድላት ክፍተት ነበራት። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ እያስገባ ምን ያህል እንደምናወርዳት ያይ ነበር። እናቴ ስትገባ ከመሬት ሆኖ «አንድ ጣት ወሰድሽ» ይላል፤ አዲሱ ሲገባ «ግማሽ ጣት» ይላል፤ እኔ ስገባ «አንቺ ምንም» ይለኛል፣ እኔም ምንም በመባሌ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ሲጫን ሁለት ጣት ይወስድ ነበር። እንዲህ እያደረገ የቤቱን ሰውና የቤቱን እህል በአንድ መስፈሪያ ሰፈረን። ሳድግ እንደገባኝ ልኬቱ ስህተት አልነበረበትም፤ መኪና ባዶዋን ቆማ የሚታየው ቁመቷ ሰው ሲገባባት የላትም። አባቴ ይህን ከማንም በፊት ያወቀ ሰው ነበረ፤ ያወቀውን ማን ላይ እንዳዋለው ነው ነገሩ።

ከግምጃ ቤት ወደ እንጅባራ ሲወጣ፣ አህያ ጀርባ የሚባል አንድ አቀበት አለ። ከሰልና እንጨት የሚጭኑት ትልልቅ መኪኖች በጎማቸው ግራና ቀኙን ቦይ እየቆፈሩ ይሄዱና፣ መሃሉ ሳይነካ እየቀረ እንደ አህያ ጀርባ ጎብጦ ይወጣል። ለትልቁ መኪና ችግር የለበትም፣ ጉብታው ከሆዱ በታች ያልፋል። የእኛዋ ግን ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሆዷ ጉብታው ላይ ይቀመጥ ነበር። የሞተሩን ዘይት የምትይዘው ኮፓ ደግሞ ከሁሉም በታች ተንጠልጥላ የመጀመሪያውን ድንጋይ የምትቀበለው እሷ ነበረች። ስለዚህ በልግ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ቦዩን እንዳጠለቀው፣ አህያ ጀርባ ሥር ስንደርስ አባቴ መኪናዋን ያቆምና ወደ ኋላ ሳይዞር «ውረዱ» ይል ነበር። እናቴ ትወርዳለች፣ አዲሱ ይወርዳል፣ እኔ ምንም ስለማልወስድ እቀመጣለሁ። መኪናዋ እየተንገዳገደች ስትወጣ አባቴ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ያን የሚፍቅ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ካልመጣ ፊቱ ይፈታል። አዲሱ አንድ ቀን ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ «ጆንያው ለምን አይወርድም?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም ጥያቄው የሞኝ እንደሆነ ሁሉ «ዕቃ እግር የለውም» አለው።

እናቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወሩ እየገፋ፣ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ አባቴ እሑድ እሑድ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ «አሁንማ ጣት ከግማሽ ሆነሻል» እያለ ይስቅባት ነበር፣ እሷም አብራው ትስቅ ነበር። አህያ ጀርባን በእግሯ ስትወጣ ያገኟት ገበያተኞች «አስካል፣ ከባልሽ ተጣላችሁ እንዴ? መኪናው ባዶውን ሲሄድ» ይሏታል። «ኧረ ደህና ነን» ትላቸዋለች ላቧን እየጠረገች፣ «እሷም ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷን እንዳይመታት ብለን ነው።» ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እኔ በኋላው መስታወት አያቸውና ስለምን እንደሚስቁ ሳልሰማ እስቅ ነበር።

ፋሲካን አዘና፣ አያቴ ዘንድ ልንውል የሄድን ዕለት፣ አያቴ ከበራቸው ቆመው ቁልቁል እያዩ ኖሯል። ከበራቸው በታችም አንድ ቦያም አቀበት ስለነበር መኪናዋ ቀድማ ደረሰች፤ እናቴ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ፣ በአዲሱ ትከሻ ተደግፋ ከኋላ መጣች። አያቴ በጉብዝናቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም። በጉ ተበልቶ እጅ እስክንታጠብ ታገሡና አባቴን «ለመሆኑ ልጄን የምታስወርዳት ምን አጥፍታ ነው?» አሉት። አባቴ ተዝናንቶ «ከእናንተው የተማርኩት ነው አባ፤ ፈረሰኛ አቀበት ላይ ሲደርስ ፈረሱን አሳርፎ አይወርድም እንዴ?» አላቸው።

«ይወርዳል» አሉ አያቴ። «የሚወርደው ግን ፈረሰኛው ነው። ነፍሰ ጡሯ ኮርቻው ላይ ትቀመጣለች፣ ባልየው ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይመራል። አንተ ልማዱን ወስደህ ሰዉን ገለበጥኸው።»

«እኔ ከወረድኩ ታዲያ ማን ይነዳታል?»

አያቴ በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም፣ መኪናም በልጓም አይሳብም። ትክክለኛ መልስ እንደዚያ ሲያስጠላ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ምንም ልጅ ብሆን።

ክረምቱ ገባ። አገራችን ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ጠዋት ከደጅ ይጠብቃል፣ ዝናቡ ጀምሮ ማቆሙን ይረሳል፤ አህያ ጀርባም በየሳምንቱ እየጎበጠ፣ ቦዩ እየጠለቀ ሄደ። በነሐሴ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ እናቴን ምጥ ያዛት፣ ጊዜዋ ገና ነበር። አዋላጇ ጎረቤታችን ዳስሳ ስታበቃ ፊቷ ተለወጠና «ይሄ በእኔ አይሆንም፣ ሐኪም ቤት አድርሷት» አለች። አባቴ ደንግጦ ነበር፤ ይህን ልክደው አልችልም፣ ቁልፉን እጁ ላይ ይዞት እያለ ይፈልገው ነበር። እናቴን ከኋላ አስተኛት፣ አዲሱ ጭንቅላቷን ታቀፈ፣ እኔን ብቻዬን ቤት መተው ስላልተቻለ ከፊት አስቀመጠኝና ወጣን። እናቴ በመንገዱ ሁሉ በአዊኛ ታወራ ነበር። ተናዳ እንደሆነ ገምቼ ከፊት ለፊቴ የሚጠርገውን የዝናብ መጥረጊያ አይ ነበር።

አህያ ጀርባ ሥር ስንደርስ መኪናዋ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬም?» አለ አዲሱ።

«ዛሬ ነዋ» አለ አባቴ። «እዚህ ጋ ኮፓዋ ከተቀደደች ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ይደርቃል። ከዚያ በምን አደርሳታለሁ? ትንሽ ናት፣ እስከዚያች ዛፍ ድረስ ብቻ ትውጣልኝ።»

ይህም እውነት ነበር። አባቴ ሲጨክን ሁልጊዜ እውነት ነበረው፣ ለዚህ ነው ማንም የማይረታው። እናቴ በሩን ራሷ ከፈተች። እግሯን ጭቃው ውስጥ ስታስገባ፣ በሩን ይዛ ጎንበስ ብላ ምጡ እስኪያልፍላት ስትጠብቅ፣ ከዚያ የአዲሱን ክንድ ይዛ መራመድ ስትጀምር አየኋት። እኔ ምንም ስለማልወስድ ተቀመጥኩ። አባቴ እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ነዳ፣ መኪናዋ ተንሸራተተች፣ ተንገዳገደች፣ ወጣች። ምንም አልፋቀም። «አለፍን» አለ አባቴ፣ ትንፋሹን ለቅቆ፣ እኔን ፈገግ ብሎ እያየኝ።

ዛፏ ሥር ቆመን ጠበቅን። ወደ ኋላ ወንበር ተሻግሬ፣ በትንፋሽ የታወረውን የኋላ መስታወት በእጄ ጠረግሁት። እናቴ ከአቀበቱ ወገብ ላይ ተንበርክካ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር የሚያልፉ ሴቶች ጃንጥላቸውን እየዘረጉ፣ ነጠላቸውን እየገለጡ ከበቧትና ከዓይኔ ጠፋች። አባቴ ያኔ ሮጠ። ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። አዲሱ ከሴቶቹ ክብ ወጥቶ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ቆመ፣ ዝናቡ ይመታው ነበር። የሕፃን ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ቀጭን፣ የማይገፋ፣ የሚመጣ ሳይሆን የሚመለስ የሚመስል ድምፅ።

ወንድ ነበር። ወንድሜ ከአህያ ጀርባ እስከ እንጅባራ ኖረ። ዕድሜው ያችው መንገድ ናት፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያችን መንገድ ስነዳ ልኳን አውቃታለሁ።

ሐኪም ቤቱ ደርሰን እናቴን አልጋ ላይ ሲያስተኟት ትንቀጠቀጥ ስለነበር፣ አንዷ ሠራተኛ «የሚለበስ ነገር አላችሁ?» አለችን። አባቴ ቁልፉን ለአዲሱ ሰጠውና ከመኪናዋ ኋላ ጋቢ እንዳለ ነገረው፣ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። አዲሱ ከኋላ ያለውን ክዳን ሲያነሣው ሁለታችንም ቆመን ቀረን። አባቴ ማታውን ለእንጅባራ ገበያ የጫነው አንድ ኩንታል ጤፍ እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ ደረቅ፣ ዝናብ ያልነካው፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ። ጋቢው ከሥሩ ነበር። ሁለታችንም ተጋግዘን ስንጎትተው ጆንያው አልነቃነቅ ብሎ ታገለን።

«አዲሱ» አልኩት፣ «ጤፍ ስንት ጣት ነው?»

እሱ ጋቢውን መጎተቱን ቀጠለ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር፣ እሑድ እሑድ ሲሰፈር ሰምተናል።

ጋቢውን ስናለብሳት ጥለቱ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ገብቶበት ነበር። እናቴ ፍሬዎቹን በጣቷ እየለቀመች መዳፏ ላይ ሰበሰበቻቸው፣ አየቻቸው፣ ቀጥሎ አባቴን አየችው። ምን እንደጫነ ማንም አልነገራትም። እስኪመሽ ድረስ ፍሬዋን ከመዳፏ አላራገፈችም፣ በአዊኛም ሆነ በአማርኛ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ አሁን ሳስበው፣ ጮሃ ቢሆን ኖሮ ይሻለን ነበር፤ ለአባቴም ጭምር ይሻለው ነበር።

ሐኪሙ ለአባቴ ልጁ ያለ ጊዜው ስለተወለደ ቤትም ሐኪም ቤትም ቢወለድ ምናልባት ላይተርፍ ይችል እንደነበር ነገረው። አባቴ ያችን «ምናልባት» አንሥቶ ይዞ ወጣ፤ ለለቀስተኛው ሁሉ ሲናገራት ከረመ። ሕፃኑን በዚያው ቀን ወስዶ አስቀበረ። ነሐሴ ሲያልቅ እናቴን ሊያመጣት ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። ስንመለስ ዝናቡ ቆሞ፣ መስኩ ለምልሞ፣ አደይ አበባ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። አህያ ጀርባ አናት ላይ ስንደርስ የአባቴ እግር ለምዶ ፍሬኑን ረገጠ። ሳያስበው ነው፤ ደንግጦ «ተይ፣ ተቀመጪ አስካል፣ ዛሬስ ተቀመጪ» አላት። እሷ ግን በሩን ከፍታ ወርዳ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያ የሴቶቹ ክብ ወደነበረበት ቦታ ቁልቁል ሄደች። አባቴ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ነዳ። ጤፍ አልነበረም፣ እናቴም አልነበረችም፣ መኪናዋ በሕይወቷ እንደዚያ ቀልላ አታውቅም፤ ቢሆንም ኮፓዋ ከጉብታው መሃል አንድ ድንጋይ አግኝታ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀች።

በሳምንቱ አባቴ መኪናዋን አስጎትቶ ዳንግላ ወሰዳትና፣ አዲስ ኮፓ አስገጥሞ፣ ከሞላዎቹ ላይ ወፍራም ጎማ አስገብቶ ብድግ አድርጓት መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለኮፓዋ ሲል አደረገው። እናቴ ከበር ላይ ቆማ አየቻትና «ቁመቱ አምሮባታል» አለች፣ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ አባቴ አህያ ጀርባ ላይ ቆሞ አያውቅም ነበር፣ የሚያስቆመው አልነበረማ። እናቴ ግን ታስቆመው ነበር። «አውርደኝ» ትለዋለች፣ ትወርዳለች፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ ያችን አቀበት በእግሯ ትወጣና ከዛፏ ሥር ትሳፈራለች። አባቴ ለመናት፣ ተቆጣት፣ ሽማግሌ ሰበሰበባት። ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ይፍረዱባት? በእግሬ ልሂድ ማለት ወንጀል አይደለም። እንዲህ ዓመታት አለፉ፣ እኛም አደግን፣ አያቴም ሞቱ፣ ነጯም መኪና ተሸጠች።

ዛሬ መንገዱ ብዙው ተሠርቷል፣ አህያ ጀርባ ላይ ያለችው ቁራጭ ብቻ እንደነበረች ናት። እኔ እንጅባራ ነው የምሠራው፤ መኪና ስገዛ ቀለሟንም ስሟንም ሳልጠይቅ መጀመሪያ ያደረግሁት ጎንበስ ብዬ እጄን ከሆዷ በታች ማስገባት ነበር፣ ሻጩ ምን እንደምፈልግ አልገባውም። ስንዝር ከአራት ጣት ሆነችልኝና ገዛኋት። ባለፈው ክረምት ያረጁትን ወላጆቼን ለሕክምና ከግምጃ ቤት ይዣቸው ስመጣ እናቴ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ከአባቴም በስተኋላ ለቤቴ የጫኑልኝ ሁለት ጆንያ ድንች ነበር። አህያ ጀርባ ሥር ስንደርስ እናቴ እንደ ወትሮዋ «አቁሚ» አለች። አቆምኩ። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች፣ ጉልበቷ ግን ከዚያ ወዲያ እምቢ አላት። ሁለተኛ ሞከረች። ከዚያ እግሯን በእጇ ይዛ መልሳ አስገባችና በሩን ዘጋችው።

«ዛሬ እኔ አልችልም» አለች። «አባትሽ ይውረድ።»

«እማዬ፣ ይቺ ከፍ ያለች ናት፣ አትነካም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ዝናብ እየጣለ ነበር። አባቴ ከዘራውን ጉልበቱ መሃል ይዞ በመስኮቱ ውጪውን አየ፣ ከኋላው ያሉትን ጆንያዎች ዞሮ አየ፤ ለራሱ ሲለማመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ድንቹን ብናወርደውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ወደ ኋላ አልዞረችም። «ዕቃ እግር የለውም» አለችው።

ወረደ። ጋቢውን ሰብስቦ፣ በከዘራው ጭቃውን እየፈተነ፣ በሁለቱ ቦዮች መሃል፣ በጉብታው ላይ መራመድ ጀመረ። እኔ አልፌው ነዳሁ። ሬዲዮውን ዘግቼ፣ ሳላውቀው አንገቴን ዘንበል አድርጌ አዳመጥኩ። መኪናዬ ምንም አልነካትም፣ ልትነካም አትችልም፤ የልጅነቴ መኪና ዝቅ ያለች ስለነበረች ሰው ይወርድ ነበር፣ የዛሬዋ ከፍ ያለች ናት፣ ሰውም ወርዷል። ዛፏ ሥር ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። እናቴ መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች፣ እኔም በኋላው መስታወት ሳላይ ጠበቅሁ።